በአንድ ጆሮ የማይሰማ አልበም

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጊታር መማር ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። አጎቴ «የጂሚ ሄንድሪክስን ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ ሳትሰማ ጊታሪስት ነኝ እንዳትል» ይለኛል። ስለ አልበሙ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። በስልኬ ከፍቼ ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጫጫታ፣ ግማሹ የተንዛዛ ሆነብኝ። 15 ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን ሁሉ አለው። ይህን ያህል ዓመት አልፎት ሰው አሁንም የሚወደው ለምንድን ነው? ሙዚቃው ነው ወይስ ትዝታቸው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ያልገባህን አልገባኝም ብለህ መጠየቅህን ወድጄዋለሁ። ጊታር ሊማሩ ከሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ ሄንድሪክስን ሳይሰሙ ነው «ንጉሥ ነው» የሚሉት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሰማኸው በስልክህ ስፒከር ነው? ከሆነ አልበሙን ገና አልሰማኸውም። ልወቅስህ ብዬ አይደለም። በእኔም ደርሷል።

የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ የዚህን አልበም ካሴት ከሰፈር ልጅ ተዋስኩ። የዎክማኔ ኢርፎን ግራው አይሠራም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በቀኝ ጆሮዬ ብቻ ሰማሁት። ጊታሩ መሐል ላይ ድንገት ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመለሳል። ካሴቱ ነው የተበላሸው እል ነበር። በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ አልበሙን በትልልቆቹ ስፒከሮች ከፈትኩት። ጊታሩ ከግራ ተነሳ፣ በፊቴ አለፈ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ለካ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም! ያኔ ሁሉ በማይሠራው ኢርፎን በኩል ሲመላለስ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሳ 75 ደቂቃውን ጨረስኩት።

ይህ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም፣ የመልሴ መጀመሪያ ነው። ሄንድሪክስና የድምፅ ባለሙያው ኤዲ ክሬመር አልበሙን ሲሠሩ ግራና ቀኝን እንደ አንድ መሣሪያ ተጠቅመውበታል። ስልክህ ያንን ሁሉ ጨፍልቆ በአንዲት ቀዳዳ ያወጣዋል። ቤዙም አብሮ ይጠፋል። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ በቁልፍ ቀዳዳ ሲያወራ አስበው። ጫጫታ ቢሆንብህ አልፈርድብህም።

አሁን ወደ አልበሙ እንግባ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አልበሙ የወጣው በኦክቶበር 1968 ነው። ሁለት ሸክላ፣ 16 ትራክ። ሥራው በ1967 ለንደን በኦሊምፒክ ስቱዲዮ ተጀምሮ በ1968 ክረምት ኒውዮርክ በሪከርድ ፕላንት ተጠናቀቀ። አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ሄንድሪክስ አሜሪካ ላይ አንደኛ የወጣለት አልበም ይህ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970፣ በ27 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ።

ይህን በፍጥነት ያለፍኩት የትም ስለምታገኘው ነው። እኔ የምፈልገው የተንዛዛብህን የ15 ደቂቃ ዘፈን ነው። «ቩዱ ቻይል» ይባላል።

በሜይ 1968 መጀመሪያ ላይ ነው። ሄንድሪክስ ማታ ማታ ኒውዮርክ ውስጥ ዘ ሲን የሚባል ክለብ ይሄዳል። እዚያ ከሚያገኛቸው ሙዚቀኞች ጋር ይጫወትና ይዟቸው ወደ ስቱዲዮ ይመጣል። ቅርብ ነው። የዚያን ሌሊት ኦርጋን የተጫወተው ትራፊክ ከሚባለው ባንድ ስቲቭ ዊንዉድ ነው። ቤዝ የያዘው የጄፈርሰን ኤርፕሌኑ ጃክ ካሳዲ ነው። ድራሙ ላይ የራሱ የሄንድሪክስ ሰው ሚች ሚቸል ተቀመጠ። ከኋላቸው ደግሞ ጓደኛውም ዘመዱም ስቱዲዮ ገባ። መደበኛው ቤዚስት ኖኤል ሬዲንግ በዚህ የሰው ብዛት ተናድዶ ጥሎ ወጥቶ ነበር።

ሦስት ጊዜ ቀረጹት። የመጀመሪያው ዘፈኑን ለሌሎቹ ለማሳየት ነበር። በሁለተኛው ላይ ክር ተበጠሰበት። ሦስተኛው አልበሙ ላይ የምንሰማው ነው። ልምምድ የለም፣ የተጻፈ ኖታ የለም።

አሁን በኢርፎን ክፈተው። መግቢያው ላይ ጊታርና ድምፅ ብቻ ናቸው። ሄንድሪክስ የሚዘፍነውን ዜማ ጊታሩ አብሮት ይላል። ቃሉ ሲያልቅ ጊታሩ ብቻውን ይቀጥላል። ይህን የት ታውቀዋለህ? አዝማሪ ቤት። አዝማሪው ስንኙን ሲያወጣ ማሲንቆው ከድምፁ ጋር ይሄዳል፣ ሲያርፍ ማሲንቆው ይመልስለታል። ሄንድሪክስ የእኛን አዝማሪ ሰምቷል ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ሲያዜም የሚሆነው ነገር ነው፣ አንተ ደግሞ በልጅነትህ ሰምተኸዋል። በዚያ በር ግባ።

ይህ አዘፋፈን የሄንድሪክስ ፈጠራ አይደለም። ከሚሲሲፒ ወጥቶ ቺካጎ የገባው ማዲ ዋተርስ በ1950 «ሮሊን ስቶን» የሚል ዘፈን ቀርጿል። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር። ሌላ ምንም የለም። ሄንድሪክስ ይህን ሙዚቃ በልጅነቱ ሲሰማ ነው ያደገው። «ቩዱ ቻይል» የተነሳው ከዚያ ነው። ግጥሙም ያው የብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ፣ ፉከራ ነው። የተወለድኩ ሌሊት ጨረቃ እሳት መስላ ቀላች ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት እንደሚሄድ ስማ። ዊንዉድ ኦርጋኑን ቀስ እያለ ከሥር ያነሳዋል። ሚቸል ድራሙን እንደ ጃዝ ይበትነዋል። ጊታሩ ይጮኻል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊያልቅ ነው ስትል እንደገና ይነሳል። 15 ደቂቃ የፈጀው ለዚህ ነው። አራት ሰዎች ዓይን ለዓይን እየተያዩ «አንተ ቀጥል» «አይ አንተ» ሲባባሉ ነው። ድግስ ላይ ጨዋታ ሲደራ ሰዓት የሚያይ የለም።

በነገራችን ላይ በዘፈኑ ውስጥ የምትሰማው የሰው ድምፅና ጭብጨባ በኋላ ተቀርጾ የተጨመረ ነው። ክለብ ውስጥ ያለህ እንዲመስልህ ብለው። ያንን ሳውቅ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን አይቆጨኝም። ሙዚቃው ራሱ በአንድ ትንፋሽ የተጫወተ ነው፣ የጨመሩት የክፍሉን ሙቀት ነው።

ጊታርህን አንሳና አንድ ነገር ሞክር። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አምስት ድምፅ። የጊታር መምህርህ «ማይነር ፔንታቶኒክ» ብሎ ያስተማረህ ነው። የእኛ የሙዚቃ መምህራን ደግሞ ይህንኑ አደራደር ባቲ ማይነር ብለው ያስተምሩታል። የብሉዝ ጊታሪስት ዋና ማሳው ይኸው ነው። ልዩነቱ በአጨዋወቱ ነው። ብሉዝ ውስጥ ጣትህ ድምፁ ላይ አያርፍም። ክሩን ይገፋዋል። ዶውን ትንሽ ከፍ፣ ግን ሌላው ድምፅ ላይ ሳይደርስ። በሁለት ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) መሐል ያለ፣ ፒያኖ ላይ የማታገኘው ድምፅ ነው። ማሲንቆ ላይ ታገኘዋለህ፣ ፍሬት የለውማ። ተማሪዎቼ ጣታቸው ፈጥኖ እዚህ ላይ ይቀራሉ። ፍጥነት በስድስት ወር ይመጣል። አንድን ክር ገፍቶ ልክ ሰው የሚያቃስትበት ቦታ ላይ ማቆም ዓመታት ይወስዳል። ሄንድሪክስ ይህን የተማረው ዝናው ሳይመጣ በፊት፣ ሊትል ሪቻርድና አይዝሊ ብራዘርስ ከሚባሉ ዘፋኞች ኋላ ቆሞ በየከተማው ሲጫወት ነው።

ወደ «ቩዱ ቻይል» ልመለስ። በተቀረጸ ማግስት፣ ሜይ 3፣ የቴሌቪዥን ካሜራ ቡድን ስቱዲዮ መጣ። ሄንድሪክስ፣ ሚቸልና ሬዲንግ ለካሜራው ሲሉ መጫወት ነበረባቸው። ሄንድሪክስ የሌሊቱን ዘፈን አንስቶ አፈጠነውና ሌላ ነገር አደረገው። አልበሙ የሚዘጋበት «ቩዱ ቻይልድ (ስላይት ሪተርን)» እንዲህ ነው የተወለደው። ሬዲንግ ዘፈኑን የተማረው እዚያው፣ ካሜራው እየዞረ ነው።

የዚህ መግቢያ ላይ ትንሽ ልቆይ። መጀመሪያ ዜማ የለም። ግራ እጁ ክሮቹን አፍኗቸዋል፣ ቀኙ ይመታቸዋል። (ሄንድሪክስ ግራኝ ነው፣ ስለዚህ ለእሱ በግልባጩ አስበው።) ቸክ፣ ቸካ፣ ቸክ። እግሩ ዋዋ ፔዳል ላይ ነው። እስኪ አፍህን «ኡ» ብለህ ጀምርና ቀስ እያልክ ወደ «ኣ» ክፈተው። «ዋ» ይላል አይደል? ፔዳሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እግርህ ሲወርድ ቀጭኑ ድምፅ ጎልቶ ይወጣል፣ ሲነሳ ይታፈናል። በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ ከዋለ ብዙ አልቆየም። ሌላው ሰው ሶሎውን ለማሳመር ነበር የሚጠቀምበት። ሄንድሪክስ ዜማ በሌለበት፣ በታፈነ ክር ላይ ተጠቀመበት። ጊታሩ ከመዝፈኑ በፊት እንደ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ትሰማለህ። ከዚያ ያቺ ሪፍ፣ እየተደጋገመች የምትመጣው አጭር የጊታር ሐረግ፣ ትገባለች፣ ድራሙ ይከተላል፣ በድንገት ክፍሉ ይሞላል። ዋዋው ከዚያ ወዲያ ዓለምን ዞሯል። አጎትህ የሚወዳቸው በ1970ዎቹ አዲስ አበባ የተቀረጹ ሸክላዎች ላይም ታገኘዋለህ።

ሁለቱን ዘፈኖች አከታትለህ ስማቸው። መሠረታቸው አንድ ነው። አንዱ ቀርፋፋ፣ የሌሊት፣ የብዙ ሰው። ሌላው ፈጣን፣ የቀን፣ የሦስት ሰው። በእኔ እምነት የአልበሙ ዕድሜ ምስጢር እዚህ ጋ ነው። በ1967ና በ1968 ብዙ ባንዶች በአዳዲስ ኢፌክት ተጫውተዋል። ቴፕ ወደ ኋላ ማጫወት፣ ድምፅ ማሽከርከር፣ ማስተጋባት። ብዙው ዛሬ ሲሰማ አቧራ ይሸታል። ኢፌክቱን ስታነሳው ከሥሩ ዘፈን የለማ። እዚህ ግን ኢፌክቱን ሁሉ ብታነሳ ከሥሩ ማዲ ዋተርስ ቁጭ ብሏል። ቴክኒኩ ያረጃል። ያ ጩኸት አያረጅም።

ቴክኒኩንም ግን ማቃለል የለብኝም፣ እንጀራዬ ነው። «1983» የሚለውን ረጅም ትራክ ውሰድ። ጦርነት ያጠፋውን ምድር ትተው ባሕር ውስጥ ለመኖር ስለሚገቡ ሁለት ፍቅረኞች ነው። 1968 ቬትናም እየነደደች ነው፣ ሄንድሪክስ ራሱ አንድ ጊዜ የአየር ወለድ ወታደር ነበር። መሐሉ ላይ የባሕር ወፎች ሲጮኹ ትሰማለህ። ወፍ አይደለም። ከሄድፎን የወጣ ድምፅ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ሲገባ የሚፈጥረው ጩኸት ነው፣ ፊድባክ የምንለው። ሌላው መሐንዲስ ሰምቶ ደንግጦ የሚያጠፋውን እነሱ ባሕር አደረጉበት። ዋሽንቱ የትራፊክ ባንዱ የክሪስ ዉድ ነው።

የመጨረሻው ሚክስ፣ ለየብቻ የተቀረጹትን ድምፆች ማዋሃዱ፣ ደግሞ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን የተሠራ ነው። ክሬመርና ሄንድሪክስ ጎን ለጎን ቆመው፣ አራት እጅ ቁልፎቹ ላይ፣ 13 ደቂቃ ከምናምኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ሚክስ አደረጉት። ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ የምትሰማው የሰው እጅ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ የሚወዛወዘው። እኔ ዛሬ ይህንን በማውስ አምስት ደቂቃ ውስጥ እሠራዋለሁ። እንደዚያ አይሆንልኝም፣ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

«ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር»ን ወደድከው ወይስ አልወደድከውም፣ አልነገርከኝም። ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ዘፈኑ የቦብ ዲላን ነው። ዲላን በ1967 መጨረሻ ሲያወጣው አጭርና እርጋታ ያለው ነበር። ሄንድሪክስ ጊዜ አላጠፋም፣ በጃንዋሪ 1968 ለንደን ውስጥ መቅረጽ ጀመረ። የትራፊክ ባንዱ ዴቭ ሜሰን 12 ክር ያለውን ጊታር ያዘ። ሄንድሪክስ ቤዙን ራሱ ተጫወተው። ከዚያ ግን አልለቀው አለ። ቴፑን ኒውዮርክ ወስዶ ወራት ሙሉ ጊታር ሲጨምርበት፣ ሲያነሳ፣ እንደገና ሲጨምር ከረመ። ከባለ 4 ትራክ ቴፕ ወደ 12፣ ከ12 ወደ 16 ተዛወረ (እዚህ ትራክ ስል ቴፑ ላይ ድምፅ ለየብቻ የሚቀረጽበትን መስመር ነው)። መሐሉ ላይ ያለው ሶሎ አራት ክፍል አለው። መጀመሪያ ተራ የብሉዝ አጨዋወት ነው። ቀጥሎ ክሩ ላይ ጠንካራ ነገር እያንሸራተተ ይጫወታል። ሦስተኛው ዋዋ ነው፣ ጊታሩ ማውራት ይጀምራል። አራተኛው ላይ ነጠላ ድምፁን ትቶ ኮርድ፣ ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ፣ ይመታል። ጊታር የሚማር ሰው ሌላ ምንም ባይሰማ ይህቺን ይስማ። በአንድ ሶሎ አራት ጊዜ ቀለም ቀይሮ አንድ ጊዜም መንገድ አልሳተም። ዲላን ራሱ በኋላ በመድረክ ላይ ዘፈኑን ሲጫወት ወደ ሄንድሪክስ አጨዋወት ሄዷል።

ሁሉም ነገር ወርቅ ነው አልልህም። ሬዲንግ የጻፈውና የዘፈነው «ሊትል ሚስ ስትሬንጅ» ለእኔ ደካማ ነው፣ ከአልበሙ ጋር አይሄድም። መክፈቻው ላይ ያለው የአንድ ደቂቃ ከምናምን ማሽከርከር በጥሩ ስፒከር ካልሆነ ምንም አይናገርም። አንተ ጫጫታ ያልከው እሱን ከሆነ አልከራከርህም። ፕሮዲዩሰሩ ቻስ ቻንድለር ራሱ በመሐል ትቷቸው ሄዷል። የሰዉ መግባትና መውጣት፣ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ መቅረጽ ሰልችቶት ነው። ልክ ነበር ማለት ይቻላል፣ ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ያ ልቅነት ባይኖር የ15 ደቂቃው «ቩዱ ቻይል»ም አይኖርም ነበር። አንዱን ወስደህ ሌላውን መተው አትችልም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሙዚቃው ነው ወይስ ትዝታቸው? አጎትህ ስንት ዓመቱ ነው? እኔ አልበሙ ሲወጣ አልተወለድኩም። ኒውዮርክንም አላየሁም። ሂፒም ሳንፍራንሲስኮም ለእኔ ወሬ ነው። ካሴቱ እጄ ሲገባ የነበረኝ አንድ ጆሮ ብቻ የሚሠራ ኢርፎን ነው። ምን የማስታውሰው ነገር ኖሮኝ ነው ትዝታ የሚሆነው? አጎትህም ቢሆን ዓይኑ የሚበራው የወጣትነቱን ዘመን ስለሚያስታውስ ብቻ አይመስለኝም። በየጊዜው ሲሰማው ያልሰማው ነገር ስለሚያገኝበት ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት እንኳ «ቩዱ ቻይል» ላይ ዊንዉድ የሄንድሪክስን ሐረግ ቀድሞ የሚጀምርበትን ቦታ ያዝኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳልሰማው!

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ደህና ኢርፎን ፈልግ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚሠራ። መብራት አጥፋ። ከመጀመሪያው አትጀምር። «ዎችታወር»ን ስማ፣ ቀጥሎ ያለውን «ስላይት ሪተርን» እዚያው ስማ፣ አልበሙ ያልቃል። በማግስቱ የማዲ ዋተርስን «ሮሊን ስቶን» አንድ ጊዜ ስማና ወዲያው የ15 ደቂቃውን «ቩዱ ቻይል» ክፈት። «1983»ን ለሳምንት መጨረሻ አቆየው፣ ከአጎትህ ጋር። ሲሰማ ፊቱን እየው፣ ግን አታስወራው።

ከዚያ ጊታርህን ያዝ። ፔዳል አያስፈልግህም። በግራ እጅህ ክሮቹን አፍናቸውና በቀኝህ ያንን መግቢያ ምታው። ቸክ፣ ቸካ፣ ቸክ። ዜማ ሳትጨምር፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ከንፈርህ ሳታስበው «ዋ» ማለት ሲጀምር ጻፍልኝ። ሪፉን ያኔ አሳይሃለሁ።